«የትኛው ቀን?»

ግምገማ ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ ሁሉ ወጉን ያውቀዋል። ሂስ ሲሰነዘርበት አቀርቅሮ ማስታወሻ ይጽፋል፤ ተራው ሲደርስ «ሂሱን ተቀብያለሁ፣ አሻሽላለሁ» ይላል፤ ሻይ ይመጣል፤ ነገሩ ያልቃል። የተባለው እውነት ይሁን ሐሰት ማንም አያጣራም።

የማውቀው አንድ የሂሳብ ሠራተኛ ኦቲዝም አለበት፤ ይህ ወግ አይገባውም። «ሥራ ያዘገያል» ሲባል ቀና ብሎ «የትኛው ቀን?» አለ። የምሩን ነው፤ ቀኑን ቢነግሩት መዝገቡን ገልጦ ሊያይ። ቤቱ ግን እንደ ጥጋብ ቆጠረው። ቃለ ጉባኤው ላይ «ሂስ አይቀበልም» ተብሎ ሰፈረ።

አለቃው አስቀድመው መክረውት ነበር፣ እሳቸው እንደሚሉት። «ይቺን ሪፖርት እስቲ ረጋ ብለህ እያት» ብለውታል። እሱም ረጋ ብሎ አያት፤ ሁለት ቀን ሙሉ። ስህተት አለባት ማለታቸው እንደሆነ ማን ይንገረው? በሰምና ወርቅ የሚኮራ አገር፣ ሰሙን ብቻ የሚሰማ ሠራተኛ ሲገጥመው ጥፋቱን በሰሚው ላይ ይደፈድፋል።

ራሱም ኦቲዝም ያለበት እንግሊዛዊው ምሁር ዴሚያን ሚልተን እ.ኤ.አ. በ2012 የጻፈው ይህንኑ ነው፦ አለመግባባቱ የሁለት ወገን ነው። ሠራተኛው እኛን ማንበብ እንዳቃተው እኛም እሱን ማንበብ አቅቶናል። ልጅ ሳለ ዐይኑን መስበሩ ጨዋ አስብሎት ነበር፤ ቢሮ ሲገባ ያው ዐይን «የሚደብቀው ነገር አለ» አሰኘው።

የሚከብደው ከወቀሳው በኋላ ያለው ሰዓት ነው። ሌላው በሻዩ ሲረሳው እሱ ቃሉን ከነድምፀቱ ሲያመላልስ ይውላል፤ ምሳ አይበላም። አሁን ዘዴ አበጅቷል። «ነገ ጠዋት በጽሑፍ እመልሳለሁ» ይልና የተባለውን ወረቀት ላይ ጽፎ አጠገቡ ለምትቀመጥ ባልደረባው ያሳያል። «ይሄ ቁጣ ነው ምክር?» አብዛኛውን ጊዜ ምክር ነው።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ ሕፃን የነበሩ ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች ዛሬ ለሥራ ደርሰዋል። የሥራ ስምሪት መብታቸውን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 በርዕሱ «አካል ጉዳተኞች» ስለሚል ብዙ ሰው ዊልቸር ብቻ ይታየዋል። ትርጓሜው ግን የአእምሮ ጉዳትንም ይጨምራል፤ አሠሪውንም ምቹ የሥራ ሁኔታ እንዲፈጥር ያስገድዳል። እዚህ ላይ ማመቻቸት ማለት ስህተቱን ከነመስመሩ ጽፎ መስጠት ሊሆን ይችላል። በጀት አያስጠይቅም።

የዚያ ሰውዬ አለቃ ተቀይረዋል። አዲሷ ኃላፊ «ገጽ 4፣ ሦስተኛው ረድፍ፣ ድምሩ አይገጥምም» ብለው ይጽፉለታል። ከምሳ በፊት ታርሞ ይመለሳል።

ግምገማ የምትመሩ ሰዎች፣ «የትኛው ቀን?» የሚል ሠራተኛ ሲገጥማችሁ ቀኑን ንገሩት። ቀን ከሌላችሁ ሂሱን አንሡለት።