ቤቱን ዝም ማሰኘት

እ.ኤ.አ. ጁን 19 ቀን 2015 የወቅቱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሃይላንድ ፓርክ በሚባል ሰፈር፣ ማርክ ማሮን የተባለ ኮሜዲያን ቤት ሄደው ጋራዡ ውስጥ ተቀመጡ። የጎረቤት ጣሪያ ላይ አነጣጥሮ ተኳሾች ወጥተዋል። ውስጥ ያለው ግን አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ማይክ፣ የመጻሕፍት መደርደሪያና ግድግዳ ሙሉ ሥዕል ነው። ሁለቱ ሰዎች አንድ ሰዓት ያህል ስለ ዘረኝነት፣ ስለ ጦር መሣሪያ ቁጥጥርና ስለ ልጅ አስተዳደግ ተጫወቱ፤ በሦስተኛው ቀን ዓለም ሰማው።

ማሮን እ.ኤ.አ. በ2009 ፖድካስት የሚባለውን የኢንተርኔት የድምፅ ዝግጅቱን ሲጀምር ከሬዲዮ ሥራው የተሰናበተ ሰው ነበር። የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች ማታ ማታ የቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ስቱዲዮ እየገባ ቀረጸ፤ ከዚያ በኋላ የራሱ ጋራዥ በቃው። ፕሮግራሙ 16 ዓመት ቆይቶ በ2025 ሲዘጋ የመጨረሻው እንግዳ ያው ኦባማ ነበሩ። መቼም ዋይት ሐውስ ስቱዲዮ ቸግሮት ፕሬዚዳንቱን ጋራዥ አልላካቸውም። ሰው ቤት የገባ ሰው አነጋገሩ ይለያል። አትሮንስ ፊት ሲቆም የሚያስተካክለውን ክራባት እዚያ ይፈታዋል።

ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ሰው ቁጭ ብሎ ሕይወቱን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲተርክ መስማት የለመድነው ፖድካስት ከመስፋፋቱ በፊት ነው። መዓዛ ብሩ በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 ከእንግዶቿ ጋር የምታደርገውን ረጅም ጨዋታ ታክሲ ውስጥ እየሰማ መውረጃውን ያለፈ ስንቱ ነው። ፖድካስት የጨመረው ሁለት ነገር ነው፤ ሰሚው በተመቸው ሰዓት ይከፍተዋል፣ አዘጋጁም የማሰራጫ ማማ ሳይተክል ከሳሎኑ ይሠራዋል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2005 ፖድካስትን አይቲዩንስ ውስጥ ካስገባ ወዲህ መንገዱ ለማንም ክፍት ነው፤ የእኛ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው በዩቲዩብና በቴሌግራም ነው።

ቤት ግን እንግዳን እንደሚያናግር ሁሉ ራሱም ይናገራል። የሥራው ግማሽ እሱን ዝም ማሰኘት ነው።

ጆሯችን አመለኛ ነው፤ የለመደውን ድምፅ አይሰማም። ማይክ እንዲህ ያለ ልማድ የለውም። ፍሪጁ ሲያጓራ፣ ጎረቤት ቡና ሲወቅጥ፣ የታክሲ ረዳት ሲጣራ፣ ውሻ ሲጮህ፣ አጠገብ ያለው ሕንፃ ሲሚንቶ ሲያቦካ ሁሉንም እኩል ይይዛል። ስለዚህ ከቀረጻው በፊት ማዳመጫ ጆሮ ላይ አድርጎ፣ ማይኩን ከፍቶ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ያለ ንግግር መቀመጥ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ቤቱ ይታወቃል። ፍሪጁ ከሶኬት ይነቀላል፤ መልሶ መሰካት እንዳይረሳ ብዙ ቀራጮች የቤታቸውን ወይም የመኪናቸውን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ ያስቀምጣሉ። ቁልፉን ሲፈልጉ ሶኬቱን ያስታውሳሉ። ስልኮች ድምፃቸውን መቀነስ ብቻ ሳይሆን ከኔትወርክ መውጣት አለባቸው፤ ኔትወርክ የሚፈልግ ስልክ ገመድ አጠገብ ከተቀመጠ ጥዝ ጥዝ የሚል ድምፅ ያስገባል።

ሰዓት መምረጥም ከመሣሪያ ይበልጣል። አዲስ አበባ ላይ የክረምት ዝናብ የሚበዛው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተቀምጦ በሐምሌ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ እንግዳ መጥራት ዝናቡን ቃለ መጠይቅ ማድረግ ነው። የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ድምፅ ማጉያ ሰዓቱ ይታወቃል፤ በሠርግ ወራት ቅዳሜና እሑድም ይታወቃል። በሥራ ቀን ከረፋዱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት፣ ልጆች ትምህርት ቤት ሳሉ፣ ከሁሉም ይሻላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደባልቃቸውን ሁለት ችግሮች መለየት ያሻል። አንዱ ከውጭ የሚገባ ድምፅ ነው። ሁለተኛው የክፍሉ የራሱ ማስተጋባት ነው፤ ድምፃችን ከሴራሚክ ወለል፣ ከተለሰነ ግድግዳና ከመስታወት ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ሲገባ ንግግሩ ባዶ ጎተራ ውስጥ የተነገረ ይመስላል። ለመጀመሪያው ጨርቅ መድኃኒት አይሆንም። የጄኔሬተርን ጉርምርምታ የሚያቆመው ወፍራም ግንብና በሚገባ የሚገጥም በር ነው፤ ወይም ሰዓት መቀየር። ለሁለተኛው ግን ቤታችን በመድኃኒት የተሞላ ነው። መሐል ክፍሉ ላይ ቆመው አንድ ጊዜ ያጨብጭቡ። ጭብጨባው ጅራት ካለው ምንጣፍ ያንጥፉ፤ መጋረጃውን ይዝጉ፤ ከእንግዳው ጀርባና ከራስዎ ጀርባ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ይስቀሉ። አራት ድርብ የሆነው ጋቢ ከግድግዳው ጥቂት ራቅ ብሎ ሲሰቀል ቀጭኑንና ሹሉን ድምፅ በደንብ ይውጣል። ወፍራሙን ድምፅ የሚይዘው እንደ ፍራሽ ያለ ነገር ነው። የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ግን የክፍሉን መልክ ከማበላሸት በቀር ጥቅሙ እምብዛም ነው፤ ካርቶኑ ስስ ስለሆነ የሚውጠው ጥቂት ነው፣ ከውጭ የሚመጣውንም አይከለክልም።

እንግዲህ እንግዳ የሚቀበሉበት ያማረው ሳሎን ለቀረጻ የከፋው ክፍል ሆኖ ሊገኝ ይችላል። አልጋ፣ ፍራሽና ልብስ የሞላ ቁም ሣጥን ያለበት መኝታ ቤት ይሻላል፤ ለትልቅ ሰው ግን «መኝታ ቤት ይግቡ» ማለት ይከብዳል። ይሉኝታው ከበለጠ ሳሎኑን ማልበስ ነው። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያሉ ወገኖቻችን በዚህ ረገድ ዕድለኞች ናቸው፤ ምንጣፍ የለበሰ ቤዝመንት ዝቅ ያለ ጣሪያና ጥቂት መስኮት አለው። የማሞቂያው ማሽን ሲነሳ ግን እነሱም ቀረጻ ያቆማሉ።

ማይክ ሲገዛ ሻጩ መጀመሪያ የሚያሳየው የሚያብረቀርቀውን ኮንደንሰር ነው። ኮንደንሰር ስሜቱ ስስ ነው፤ አብዛኛውም ከመቅጃው 48 ቮልት ኃይል ይፈልጋል። በታፈነ ስቱዲዮ ውስጥ ድንቅ ነው፤ ቤት ውስጥ ግን ሦስተኛውን ጎረቤት ጭምር ይቀርጻል። ለቤት የሚሆነው ዳይናሚክ የሚባለው ነው፤ ቀርበው ካላናገሩት አይሰማም፣ ይኸው ድክመቱም በረከቱ ነው። በየመድረኩ የምናየው የሹር ኩባንያ ኤስ ኤም 58 ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ ዳይናሚክ ነው፤ ፖድካስት ላይ ዝነኛ የሆነው ኤስ ኤም 7 ቢም ያው ዘሩ ነው። ሁለተኛው ግን 60 ዴሲቤል ያህል ማጉላት ስለሚፈልግ ደካማ መቅጃ ላይ ከሰኩት ሽሽሽ የሚል ድምፅ ያተርፋሉ። ለጀማሪ የመጀመሪያው ይበቃል ባይ ነኝ።

ከዋጋው ይልቅ ርቀቱ ይወስናል። ከአፍ እስከ ማይክ ያለው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ የክፍሉ ማስተጋባት ግን ባለበት ስለሚቆይ በንጽጽር ይጎላል። ስለዚህ አንድ ውድ ማይክ መሐል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ለሁለት ከመጠቀም ለእያንዳንዱ ሰው አንዳንድ ርካሽ ማይክ ማቅረብ እጅግ ይሻላል። ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ፤ በሁለቱ ማይኮች መካከል ያለው ርቀት ደግሞ የዚያን ሦስት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ያለዚያ የአንዱ ድምፅ በሁለቱም ገብቶ ይደፈርሳል። ማይኩን ከአፍ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ማዞር በ«ፐ» እና በ«ፈ» የሚገፋው አየር እንዳይመታው ያደርጋል፤ የስፖንጅ ቆብም ያግዛል።

ሶፋ የቀረጻ ጠላት ነው። እንግዳው ጨዋታው ሲሞቅለት ወደ ኋላ ይንጋለላል፤ ማይኩ እዚያው ይቀራል። የማይጮህ፣ የማይሽከረከር፣ ቀጥ ያለ የምግብ ጠረጴዛ ወንበር ይሻላል። ጠረጴዛው ላይ ድርብ ጨርቅ ያንጥፉ፤ ሲናገር ጠረጴዛ የሚመታ እንግዳ አይጠፋም።

መቅጃን በተመለከተ የእኛ አገር የመጀመሪያው ጥያቄ መብራት ነው። ላፕቶፕና ኬብል ላይ የተመሠረተ ዝግጅት መብራት ሲጠፋ ሊቋረጥ ይችላል፤ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ መቅጃ ግን ጨለማ ውስጥም ይቀጥላል። ዙም የተባለው ኩባንያ ፖድትራክ ፒ 4 ብሎ የሚሠራው በሁለት ድንጋይ ይነሳል፣ አራት ማይክና አራት ማዳመጫ ይቀበላል፣ ከፓወር ባንክም ኃይል ይወስዳል። የድምፁን ልክ ሲያስተካክሉ እንግዳው ሲስቅ እንጂ ሲናገር የሚሰማውን አይመኑ። የድምፅ ልክ ጠቋሚው በተለመደው ንግግር ከላይኛው ጣሪያ 12 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ብሎ ይዋል፤ ጣሪያውን የነካ ሳቅ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀም አይጠገንም።

እያንዳንዱ ማይክ በየራሱ ፋይል መቀረጹን ያረጋግጡ። በ44.1 ኪሎኸርትዝና በ16 ቢት አንድ ማይክ በሰዓት 320 ሜጋባይት ገደማ ነው የሚወስደው፤ ቦታ የሚያሳስብ አይደለም። ለአማርኛ ጨዋታ ይህ ግዴታ ነው ማለት ይቻላል። እኛ ሰው ሲያወራ ዝም ብለን አንሰማም፤ «እህ»፣ «ወይ ጉድ»፣ «እውነት ነው» እንላለን፣ አየር ወደ ውስጥ ስበንም «እ!» ብለን እንስማማለን። ፊት ለፊት ሲሆን ይህ አክብሮት ነው። ማዳመጫ ውስጥ ግን ያቺ ትንሽ ትንፋሽ የደነገጠ ሰው ትመስላለች። የአዘጋጁ ድምፅ ለብቻው ከተቀረጸ የበዛውን መቁረጥ ይቻላል። ሁሉንም ማጥፋት ግን አይገባም፤ ጨዋታው የፍርድ ቤት ምስክርነት ይመስላል።

እንግዳ ተቀባይነታችንም ሥርዓት ያስፈልገዋል። ቡናው ይፈላ፤ ከቀረጻው በፊትና በኋላ። ሲኒ ከረከቦት ጋር ሲጋጭ፣ ቆሎ ጥርስ ሥር ሲሰበር ማይክ አይምርም። ሲቀረጽ ያልቀዘቀዘ ውኃ በቂ ነው። እውነቱን ለመናገር ያ ከቀረጻው በፊት ያለው የቡና ጊዜ ከየትኛውም መሣሪያ ይበልጣል፤ እንግዳው ቤቱን የሚለምደው፣ አዘጋጁም «አንቱ» ይበላቸው ወይስ «አንቺ»፣ «ጋሼ» ይበላቸው ወይስ በማዕረጋቸው ይጥራቸው የሚለውን የሚወስነው እዚያ ላይ ነው። ግማሽ ሰዓት «እርስዎ» ሲባሉ ቆይተው በመሐል «አንተ» የሚባሉ አዛውንት ሰሚውን ያሳቅቃሉ። አደጋ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዋናው ታሪክ ቡናው ላይ ካለቀ ማይኩ ፊት ሁለተኛ ሲነገር ይቀዘቅዛል። ወሬው ወደዚያ ሲያዘነብል «ይህቺን ለኋላ ያቆዩልኝ» ማለት ነው።

ፈቃድም እዚያው ይጠየቃል። የት እንደሚወጣ፣ ማን እንደሚሰማው፣ «ይህ ይውጣልኝ» ቢሉ እንደሚወጣ አስቀድሞ መንገር የተናጋሪውን ልብ ይከፍታል። ከዚያ በኋላ የአዘጋጁ ትልቁ ችሎታ አለመናገር ነው። ሰውየው አረፍተ ነገሩን ጨርሶ ዝም ሲል ቶሎ ሌላ ጥያቄ የሚወረውር ሰው ሁለተኛውን፣ ብዙ ጊዜም የተሻለውን መልስ ያጣዋል። ለአዛውንት እንግዳ ማዳመጫ ባይደረግ እመርጣለሁ፤ የራሱን ድምፅ የሚሰማ ሰው ራሱን ማረም ይጀምራል። መቅጃውም «እናመሰግናለን» በተባለበት ቅጽበት አይጥፋ። ሁሉም ሲፍታታ የሚመጣው ወሬ አንዳንዴ ከቀደመው ይበልጣል፤ መቅጃው ክፍት መሆኑን ግን መንገር ግዴታ ነው።

እንግዳው ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ከሆነ በኢንተርኔት የመጣውን ድምፅ ብቻ ከመቅዳት እሱም በስልኩ የራሱን ድምፅ ቀድቶ ቢልክ ጥራቱ የትየለሌ ነው። መነሻው ላይ አንድ ጭብጨባ ሁለቱን ፋይሎች ለማገጣጠም ይበቃል። ሲቀጣጠሩ «3 ሰዓት» የማን አቆጣጠር እንደሆነ ይነጋገሩ።

አርትዖቱ በነጻ ይሠራል፤ ኦዳሲቲ የሚባለው ፕሮግራም ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። የመጨረሻው ፋይል በአፕል ምክር መሠረት በድምፅ ልኬቱ ወደ ኔጌቲቭ 16 (-16) ኤል ዩ ኤፍ ኤስ የተጠጋ፣ በነጠላ ቻናል 64 ኪሎቢት ኤምፒ3 ቢሆን አንድ ሰዓቱ 29 ሜጋባይት ብቻ ነው። ዳታ ቆጥቦ ለሚሰማ ሰው ይህ ቁም ነገር ነው።

አንድ አደራ ልጨምር። አርትዖቱ ያለቀው ክፍል ከወጣ በኋላ ጥሬውን ቀረጻ አይሰርዙ። በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ያስቀምጡ፤ እንግዳዎ አዛውንት ከሆኑ ደግሞ ሙሉውን ቅጂ በፍላሽ ገልብጠው ለልጆቻቸው ይስጡ።