ስድስት ጠርሙስ በጨርቅ ተጠቅልሎ

አንድ ወዳጃችንና ባለቤታቸው ሴት ልጃቸው ክርስትና በተነሣችበት ቀን በስጦታ ያገኙትን አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ጠጅ ለሠርጓ ቀን ብለው ሃያ ሦስት ዓመት አስቀመጡት። ጠርሙሱ ይህን ሁሉ ዘመን የኖረው በሳሎኑ ቁም ሣጥን አናት ላይ፥ ከመስኮቱ ፊት ለፊት፥ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነው። በየበዓሉ አቧራው ይጠረግለታል፤ እንግዳ ሲመጣም በጣት ይጠቆምና ታሪኩ ይነገርለታል። ባለፈው ጥር ሠርጉ ደርሶ በመልሱ ቀን የሙሽራው ወላጆችና ሽማግሌዎቹ በተቀመጡበት ቡሹ ሲነቀል ከመካከሉ ተሰበረ። የቀረው ቁራጭ በማንኪያ ጭራ ተገፍቶ ወደ ውስጥ ገባ። ከዚያ በብርጭቆ የተቀዳው ነገር መልኩ የሸክላ እጣቢ፥ ሽታው የሰላጣ ኮምጣጤ ነበር። የሙሽራው አባት ጨዋ ሰው ናቸውና ጥቂት ተጎንጭተው «ዕድሜ ያለው ነገር ነው» አሉ። ወዳጃችን ግን አንገታቸውን ደፉ። እኛም ከተጋባዦቹ መካከል ነበርንና አብረን አፈርን።

ወዳጃችንን ያሳሳታቸው በየቤቱ የሚነገረው «ወይን ጠጅ በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል» የሚለው አነጋገር ነው። አነጋገሩ ለጥቂቱ እውነት፥ ለብዙው ግን ሐሰት ነው። በዓለም ላይ ከሚሠራው ወይን ጠጅ እጅግ የሚበዛው ለገበያ በቀረበ በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲጠጣ ታስቦ የሚሠራ ነው። ይህ ዓይነቱ ሲቀመጥ የፍሬው ጣዕም እየሳሳ ይሄዳል እንጂ አይሻሻልም። ደግሞም ቆሞ የኖረ ጠርሙስ ቡሹ ይደርቃል፤ የደረቀ ቡሽ አየር ያስገባል፤ አየር በገባበት ዘንድ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት አልኮሉን ወደ ኮምጣጤነት ይለውጡታል። የመስኮቱ ፀሐይ ደግሞ የራሱን ጥፋት ይጨምርበታል።

ለመሆኑ ብዙ ገንዘብ የሌለው ሰው ለእሑድ ምሳ የሚሆነውንና ለጥቂት ዓመት ቢቀመጥ የሚያተርፈውን ወይን ጠጅ በምን ይለያል? በዋጋው ነው እንዳንል ዋጋ ጥሩ ምስክር አይደለም። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት የጠርሙሱ ማንነት ተሸሽጎ የተደረጉ ከ6 ሺህ የሚበልጡ ቅምሻዎችን መርምሮ ነበር። በሙያው ያልሠለጠኑ ቀማሾች ዋጋውን ሳያውቁ ሲፈርዱ ውዱን ከርካሹ አብልጠው አልወደዱትም፤ እንዲያውም በጥቂቱ ወደ ርካሹ ያደሉ ነበሩ። ለሠለጠኑት ግን ውዱ ትንሽ ይሻላቸው ነበር።

ጠርሙስ ሸፍኖ መፍረድ አዲስ ጥበብ እንዳይመስለን። በየዓመቱ ጥር 12 ቀን በምናከብረው በቃና ዘገሊላ የሠርጉ አሳዳሪ የቀረበለትን ወይን ጠጅ ከየት እንደመጣ ሳያውቅ ቀምሶ ከፊተኛው ይበልጣል ብሎ መፍረዱን ሁላችንም ሰምተናል። አሳዳሪው ጋኖቹን አስቀድሞ አይቶ ቢሆን ኖሮ ምን ይፈርድ እንደነበር እንጃ።

በዘመናችን እጅግ የታወቀው እንዲህ ያለው ፍርድ የተሰጠው በፓሪስ ከተማ ነው። ግንቦት 16 ቀን 1968 ዓ.ም. (እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ሜይ 24 ቀን 1976) በዚያ ከተማ የወይን ጠጅ ሱቅ የነበረው እንግሊዛዊ ስቲቭን ስፐሪየር በሙያቸው የተከበሩ ዘጠኝ ፈረንሳውያን ዳኞች ሰበሰበ። ነጩም ቀዩም በየተራው ቀረበ፤ በእያንዳንዱ ተራ ስድስት የካሊፎርኒያና አራት የፈረንሳይ ወይን ጠጆች ነበሩ። ማርኩ ከ20 ነበር። ዳኞቹ የፈረንሳዩን ከአሜሪካው በቀላሉ እንለያለን ብለው ተቀመጡ። ነገር ግን ከመካከላቸው አንዱ የካሊፎርኒያውን ነጭ ቀምሶ ወደ አገሩ ወደ ፈረንሳይ የተመለሰ መስሎት ደስታውን እስከ መግለጽ ደረሰ። ማርኩ ሲደመር ከነጩ የ1973ቱ ሻቶ ሞንቴሌና፥ ከቀዩ ደግሞ የ1973ቱ ስታግስ ሊፕ አንደኛ ወጡ፤ ሁለቱም የካሊፎርኒያ ናቸው። ሁለተኛ የወጣው ቀይ ስሙ በዓለም የገነነው የ1970ው ሙቶን ሮትሺልድ ነበር። ከዳኞቹ አንዲቱ እመቤት የማርክ ወረቀቷ እንዲመለስላት እስከ መጠየቅ ደርሳለች ይባላል። በዚያን ጊዜ አሸናፊዎቹ በአገራቸው የሚሸጡት ከስድስት ዶላር ጥቂት ከፍ ባለ ዋጋ ነበር።

ፈረንሳውያኑ ለሽንፈታቸው ያቀረቡት መልስ ለጉዳያችን ይጠቅመናል። «የእኛ ወይን ጠጅ የሚሠራው እንዲቆይ ነው፤ የአሜሪካው ዛሬ ቢጣፍጥ ነገ ይወድቃል» አሉ። ክርክሩ ሠላሳ ዓመት ጠበቀ። በግንቦት 1998 ዓ.ም. እነዚያው ቀያዮች በለንደንና በካሊፎርኒያ በአንድ ቀን እንደገና ተሸፍነው ሲቀመሱ ከአንደኛ እስከ አምስተኛ የወጡት በሙሉ የካሊፎርኒያ ሆኑ። ይሁን እንጂ አንደኛ የወጣው የፓሪሱ አሸናፊ አልነበረም፤ በፓሪስ አምስተኛ ሆኖ የነበረው የ1971ዱ ሪጅ ሞንቴ ቤሎ ነው። አንባቢያችን ይህችን ነገር ልብ ይበሉልን። የዛሬው ማርክና የነገው ማርክ የተለያዩ ሁለት ማርኮች ናቸው።

ይህን ታሪክ ለወዳጃችን ብናጫውታቸው «እኛስ ለምን አንሞክረውም?» አሉ። በሚቀጥለው እሑድ በእርሳቸው ቤት ተሰበሰብን። ቀማሾቹ አራት ነበርን፤ ወዳጃችን፥ ባለቤታቸው፥ እኛና በሰፈሩ ብዙ ዘመን ጠጅ በመጣል የታወቁ አንዲት እናት። የቤቱ ትንሹ ልጅ ስድስት ጠርሙስ በወጥ ቤት ፎጣ ጠቅልሎ ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር ሰጣቸው። እኛ ውጪ እንድንቆይ ተደረገ።

ማርክ አሰጣጡ ጥቂት አከራከረን። አሜሪካዊው የወይን ጠጅ ጸሐፊ ሮበርት ፓርከር ከ100 ማርክ መስጠትን በዓለም አስፋፍቷል። ነገር ግን በእርሱ አሠራር ማንኛውም ወይን ጠጅ ሲጀምር 50 ማርክ በእጁ አለ። እንዲህ ያለ አስተማሪ በልጅነታችን ገጥሞን ቢሆን ኖሮ ክፍል የሚደግም አይኖርም ነበር። ስለዚህ ከ20 እንዲሆን ተስማማን፤ ለመልኩ 2፥ ለሽታው 6፥ ለጣዕሙ 8፥ ከተዋጠ በኋላ በአፍ ውስጥ ለሚቆየው ስሜት 4። በየመካከሉ ደረቅ ዳቦና ውኃ ቀረበ። በሙያው ያሉ ሰዎች ቀምሰው ይተፋሉ ብንልም ጠጅ ጣይዋ «የተቀዳ ነገር መትፋት ነውር ነው» ብለው እምቢ አሉ። በዚህም ምክንያት የሚቀዳው ሦስት ጉንጭ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ።

ፎጣው ሲፈታ የታየው ይህ ነው። አንደኛ በ15 ማርክ ከዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ካለው የካስቴል እርሻ የሚመጣው የሪፍት ቫሊ ካቤርኔ ሶቪኞ ሆነ። እርሻው ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኝ ሲሆን ወይን ጠጁ ገበያ የወጣው እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. ነው። ሁለተኛ በ14 ተኩል ከደቡብ አፍሪካ የመጣ ሼኒን ብላን የተባለ ነጭ ወጣ። ከአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ የሚመጣውና አባቶቻችንም የሚያውቁት ጉደር 13 ተኩል፥ ለስለስ ብሎ የሚጣፍጠው አኬሺያ 13 አገኙ። አምስተኛ በ12 ማርክ የወጣው ዋጋው የሌሎቹን አራት እጥፍ የሆነው የፈረንሳይ ቀይ ነበር። ጣፋጩ አክሱሚት በ11 ተኩል መጨረሻ ሆነ። ለፈረንሳዩ ከሁላችን ያነሰ ማርክ የሰጡት እርሱኑ በገንዘባቸው የገዙት ወዳጃችን ናቸው።

ነገሩ በዚህ አልቆመም። ምሳ ቀርቦ ዶሮ ወጡ ሲወጣ ማርኩ ሁሉ ተገለባበጠ። በርበሬ ያቃጠለው አፍ ደረቁን ቀይ ወይን ጠጅ አይወድም። ውዱ ፈረንሳዊ ከወጡ ጋር መራራ ሆነ፤ አንደኛ የወጣውም በርበሬውን አባሰው። መጨረሻ የነበረው አክሱሚትና ለስላሳው አኬሺያ ግን ስኳራቸው ቃጠሎውን ስላበረደው ከጠረጴዛው ቀድመው አለቁ። ሚጥሚጣ ያልበዛበት ጥብስ ሲመጣ ደግሞ ጉደርና ሪፍት ቫሊ ወደ ክብራቸው ተመለሱ። ነጩ ከሁሉም ጋር ተስማምቶ ዋለ። እንግዲህ ያለ ምግብ የተሰጠ ማርክ ለቤት ምሳ ምን ያህል እንደሚጠቅም እንጠራጠራለን። የኤውሮፓ ቀማሾች ሲፈርዱ ዶሮ ወጥ በፊታቸው የለም። ለፋሲካ ወይን ጠጅ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ማሰብ ያለበት ድስቱን ነው።

ስለ አምስተኛው ጠርሙስ ጠጅ ጣይዋ የተናገሩት ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከአእምሯችን አልወጣም። ፎጣው ከመፈታቱ በፊት ብርጭቆውን ሁለት ጊዜ አሽትተው «ይኼ ክፉ አይደለም፤ ጥሬ ነው። ጌሾው እንዳልበረደለት ጠጅ ነው። እኔ ብሆን ዛሬ አልሸጠውም» አሉ። እትዬ የፈረንጅ መጽሐፍ አላነበቡም፤ ነገር ግን መጻሕፍቱ የሚሉትን ተናገሩ። ወይን ጠጅን ለዓመታት የሚያቆየው በውስጡ ያለው ኮምጣጣነትና ከወይኑ ልጣጭና ፍሬ የሚወጣው ታኒን የሚባለው ነገር ነው። ታኒን ምድጃ ላይ እንደተረሳ ሻይ ምላስን የሚያደርቅ ነው። ሁለቱም በወጣትነቱ ያስቀይማሉ፤ ዓመታት ሲያልፉ ግን ታኒኑ እየለዘበ ይሄዳል። ከሥሩ በቂ የፍሬ ጣዕም ካለ ያ ጠርሙስ ያተርፋል፤ ከሌለ ደግሞ ታኒኑ ሲለዝብ የሚቀር ነገር የለም። እጅግ ጣፋጭ የሆኑ አንዳንድ ወይን ጠጆችም በስኳራቸውና በኮምጣጣነታቸው ኃይል ብዙ ይቆያሉ።

ይህን በቤት መፈተን ይቻላል። ከእያንዳንዱ ጠርሙስ የተረፈውን ቡሹን መልሰን ደፍነን አሳደርነው። በማግሥቱ ማታ አኬሺያና ነጩ ደክመው ተገኙ፤ ጉደር ባለበት ነበር፤ ሪፍት ቫሊ ጥቂት ተሻሻለ። ፈረንሳዊው ግን ሌላ ሰው ሆኖ ጠበቀን። ምሬቱ ለዝቦ ከሥሩ የእንጆሪና የትምባሆ ቅጠል የመሰለ ሽታ ወጣ። ወዳጃችን ማርካቸውን ከ10 ወደ 16 አሳደጉ። ተከፍቶ አንድ ቀን አድሮ የሚሻሻል ወይን ጠጅ ተዘግቶ ጥቂት ዓመት ቢቀመጥ ሳይጠቅም አይቀርም፤ በአንድ ሌሊት የሚደክመው ዛሬውኑ ይጠጣ። ይህ ፈተና ፍጹም አይደለም፤ ነገር ግን ሃያ ሦስት ዓመት ጠብቆ ከማፈር ይሻላል።

ስለ አቀማመጡ የሚባለው አጭር ነው። ቡሽ ያለው ጠርሙስ ቡሹ እንዳይደርቅ ተጋድሞ ይቀመጥ፤ በጠመዝማዛ ክዳን የሚዘጋው ቢቆምም ግድ የለም። ለማስቀመጥ የሚመረጠው ሙቀት 12 ወይም 13 ዲግሪ ሲሆን ከልኩ ይልቅ ሙቀቱ በቀንና በሌሊት አለመለዋወጡ ይበልጣል። ፀሐይ አይይበት፤ ከምድጃ አጠገብና ከማቀዝቀዣ አናት ይራቅ። አዲስ አበባ ደጋ በመሆኗ ፀሐይ የማይመታው የምድር ቤት ወይም የታችኛው ቁም ሣጥን ለጥቂት ዓመት ይበቃል። በድሬዳዋና በመተሐራ የሚኖሩ አንባቢዎቻችን ግን ልዩ ማቀዝቀዣ ከሌላቸው በስተቀር የሚገዙትን ቶሎ ቢጠጡት ይሻላል።

አንድ ጠርሙስ ብቻ ለአንድ ቀን ብሎ ማስቀመጥ ደግሞ ቁማር ነው። ከአንዱ ዓይነት ሦስት መግዛትና አንዱን በዓመቱ፥ ሁለተኛውን በሦስተኛው ዓመት ከፍቶ መቅመስ ያዋጣል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከተሻለ ሦስተኛው ይቆይ፤ ካልተሻለ በዚያው ሳምንት ይጠጣ።

ወዳጃችን ከሁለት ሳምንት በኋላ ሦስት ጠርሙስ ቀይ ገዝተው በመኝታ ቤቱ የታችኛው ቁም ሣጥን ውስጥ አጋደሙ። ባለቤታቸው በእያንዳንዱ አንገት ላይ የሚከፈትበትን ቀን ጽፈው በክር አሰሩ። የመጀመሪያው ለመጪው ጥምቀት ነው፤ ጠጅ ጣይዋም ተጠርተዋል። በሦስተኛው ላይ ያለችው ወረቀት ቀን የላትም፤ «ለልጅ ልጅ ክርስትና፤ አስቀድሞ ሁለተኛው ይቀመስ» ትላለች።