ሕመሙ የሁለቱም ነው

በአንድ ቤት የአባወራው ኩላሊት ሥራውን ሲያቆም የሚጨነቀው እርሱ ብቻ አይደለም። የኩላሊት እጥበት የሚደረግለት ሕመምተኛ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት 3 ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን 4 ሰዓት ያህል ከመሣሪያው ጋር ይቆያል። ውሃ የሚጠጣው በልክ ነው፤ ሙዝ፣ ብርቱካንና ድንችም እንደ ልብ አይበላም። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. ቢጀመርም፣ የሚስማማ ለጋሽ ዘመድ ማግኘት ለሁሉም አይሳካም። ስለዚህ ለብዙዎች እጥበቱ ለዓመታት የሚዘልቅ ነው።

ሚስት ልጆቿን ወደ ትምህርት ቤት ሸኝታ፣ ከመሥሪያ ቤቷ ፈቃድ ጠይቃ ባለቤቷን ለሕክምና ታደርሳለች። ማታ ወጪውን ታሰላለች። በፊቱ ፈገግ ትላለች፤ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች። እርሱም «ሸክም ሆንኩባት» እያለ ይብሰለሰላል፤ በትንሽ በትልቁ ይቆጣል። ላለመተዛዘን ሲሉ ሁለቱም ዝም ይላሉ፤ ዝምታው ግን ያራርቃቸዋል።

እናቶች ሆይ! አንዳንድ ቀን «ሰለቸኝ» ማለት ክፋት አይደለም። መድከምና መናደድም የፍቅር ማነስ ምልክት አይደለም። ከእጥበት በተመለሰበት ሰዓት ሕመምተኛው ስለሚደክመው፣ ዐረፍ ባለበት ቀን «እኔም ፈርቻለሁ» ብሎ በግልጽ መነጋገር ይበጃል። ፍርሃቱን ብቻውን እንዳልተሸከመ ሲያውቅ ልቡ ይረጋል። ሚስቱ የታመመችበት ባልም እንዲሁ ቢያደርግ መልካም ነው።

ሕመምተኛውን ከቤቱ ጉዳይ ማግለል አይገባም። የልጆችን ደብተር ማየት፣ የወሩን ሒሳብ መያዝ አያቅተውም። ሁሉን ከእጁ ሲወስዱበት ከሕመሙ ይልቅ ከንቱነቱ ይሰማዋል።

በመጀመሪያው ሳምንት ቤቱ በጠያቂ ይሞላል፤ ወራት ሲቆጠሩ ግን ጠያቂው ይመናመናል። ረጅም ሕመም የሚሻው የአንድ ቀን ጥየቃ ሳይሆን ተራ ነው። «ምን ላግዝሽ?» ለሚል ሰው «ምንም» አትበሉ። ማክሰኞ ጎረቤት ልጆቹን ትጠብቅ፤ ሐሙስ ወንድሙ ሕክምና ያድርሰው፤ ቅዳሜ እኅቱ ከእርሱ ጋር ትዋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ለዚህ ነው።

በተገኘው ክፍት ሰዓት አስታማሚዋ ትተኛ፣ ከጓደኛዋ ጋር ቡና ትጠጣ፤ ስለዚህም አትፈር። እንቅልፍ ማጣትና ተስፋ መቁረጥ ከ2 ሳምንት በላይ ከዘለቀባት ግን ለራሷም ሐኪም ዘንድ ትሂድ። ቤቱ በእርሷ ትከሻ ላይ ቆሟልና ጤናዋን መጠበቅ ባለቤቷን ከማስታመም የሚለይ ሥራ አይደለም።