ቀድማኝ ያለፈችው እህት

የጡት ካንሰር እንዳለብኝ የተነገረኝ ዕለት ለልጆቼ ትንፍሽ አላልኩም። ሐኪሙ ግራ ጡቴ በቀዶ ሕክምና መውጣት እንዳለበት በደንብ አስረድቶኛል። እንቅልፍ የነሳኝ ግን እሱን ለመጠየቅ ያፈርኩት ነገር ነበር፤ ቀሚሴ ደረቴ ላይ እንዴት ይቀመጣል? የልጅ ልጄንስ እንዴት አቅፋለሁ?

ነርሷ ጭንቀቴን አይታ ይህንኑ ቀዶ ሕክምና ካደረገች ሴት ጋር አገናኘችኝ። «እህቴ፣ አይዞሽ! እኔም እዚሁ ወንበር ላይ አልቅሻለሁ» አለችኝ። ከፊት የሚከፈት ልብስ እንድይዝ፣ ከቁስሉ ፈሳሽ የሚያወጣ ቱቦ ሳይ እንዳልደነግጥ ነገረችኝ። «ለልጆችሽ ንገሪያቸው፤ ደብቀሻቸው ማን ሊያስታምምሽ ነው?» ስትለኝ፣ በዚያው ምሽት ነገርኳቸው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ክንዴ አልነሳ ሲለኝ፣ የታዘዘልኝን እንቅስቃሴ ጣቶቿን ግድግዳ ላይ እያራመደች አብራኝ ሠራች። ክንዴ ካበጠ ወይም ከቀላ ሳልውል ሳላድር ሐኪም ዘንድ እንድሄድ አሳሰበችኝ። ስለ መድኃኒት ስጠይቃት ግን «እሱን ለሐኪምሽ፤ የእኔና የአንቺ ሕመም አንድ አይደለም» ትለኛለች። ጠባሳዋን ያሳየችኝ ዕለት የራሴን በመስታወት ለማየት ደፈርኩ።

ዛሬ የልጅ ልጄን አቅፋለሁ። ለክትትል ስሄድም ወረፋ ከሚጠብቁት አጠገብ እቀመጣለሁ። እናንተም ቀዶ ሕክምና የምትጠብቅ እናት ወይም እህት ካለቻችሁ፣ ቀኑ ሳይደርስ «ይህን ካለፈች ሴት ጋር አገናኙን» ብላችሁ ነርሷን ጠይቁ። እንደ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ያሉ ማኅበራትንም መጠየቅ ይቻላል።