የሚያንጠባጥብ ቦይለር

ጎንደር፣ ማራኪ ላይ ቤት የሚከራይ ሰው ስለ ውሃና ስለ መብራት ከጠየቀ በኋላ ቀጥሎ የሚጠይቀው ቦይለር መኖሩን ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በሐምሌና በነሐሴ ጭጋግ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ፣ በማለዳ ቀዝቃዛ ውሃ ገላ ላይ ማፍሰስ ቀላል አይደለም። ወደ ዳባትና ደባርቅ ሲወጣማ ጭራሽ አይታሰብም። ይህን ችግር ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በዝምታ የሚፈታው ዕቃ ግን ከቤት ዕቃ ሁሉ የተናቀው ነው። ቴሌቪዥን ይወለወላል፣ ፍሪጅ ዳንቴል ይለብሳል፤ ቦይለር የሚታወሰው ውሃው የቀዘቀዘ ዕለት ብቻ ነው።

አሠራሩ ግልጽ ነው። በአውሮፓ ቤቶች በቧንቧ ጋዝ የሚሠራ፣ ቤቱንም ውሃውንም አብሮ የሚያሞቅ ቦይለር የተለመደ ነው። እኛ ዘንድ በየቤቱ የሚገባ የጋዝ መስመር ስለሌለ ሥራውን የሚሠራው መብራት ነው። የብረት ታንከር፣ በውስጡ የሚግል ሬዚስታንስ፣ ሙቀቱን ለክቶ የሚያበራና የሚያጠፋ ቴርሞስታት፣ ታንከሩን ከዝገት የሚጠብቅ የማግኒዚየም ዘንግ። በሰማያዊው በኩል ቀዝቃዛ ይገባል፤ በቀዩ በኩል ሙቅ ይወጣል። በዚህ ላይ ብዙ መናገር አያስፈልግም።

መናገር የምፈልገው ስለ አንዲት ትንሽ የነሐስ ዕቃ ነው። በሰማያዊው መግቢያ ላይ የምትታሰር፣ ትንሽ ማንሻና ወደ ታች ያፈጠጠ አፍ ያላት፣ ሴፍቲ ቫልቭ የምትባለው ናት። ከቦይለሩ ጋር በካርቶኑ ውስጥ ትመጣለች፤ ዋጋዋ ከጠቅላላው ዕቃ ዋጋ ጥቂቱ ነው። ሙቅ ውሃ ጠፋ ወይም ቦይለሩ ተበላሸ ተብዬ ያየኋቸው ቤቶች ውስጥ ነገሩ የጀመረው ብዙውን ጊዜ እሷ ጋ ነው፤ ተበላሽታ ሳይሆን ሥራዋን የሚያውቅላት ጠፍቶ።

የመጀመሪያው ስህተት «ቦይለሩ ያፈሳል» የሚለው ነው። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። ሃምሳ ሊትር ውሃ ከ18 ዲግሪ ወደ 60 ዲግሪ ሲወጣ 0.8 ሊትር ያህል ይጨምራል። ታንከሩ ብረት ስለሆነ አይለጠጥም፤ ወደ መስመሩ እንዳይመለስም ቫልቯ ውስጥ ያለው መላሽ ከልካይ ይዘጋበታል። ስለዚህ ግፊቱ ይጨምርና ቫልቯ ላይ የተጻፈው ቁጥር ጋ ሲደርስ፣ ብዙ ጊዜ ስምንት ባር ነው፣ ስፕሪንጓ ትንሽ ከፈት ብሎ ትርፉን ጠብ ጠብ ያደርገዋል። ውሃው ሞቆ ሲያበቃ ጠብታውም ያቆማል። እየሞቀ የሚያንጠባጥብ ቦይለር ጤነኛ ቦይለር ነው። ሊያሳስብ የሚገባው ቀዝቅዞም ሳያቋርጥ የሚፈሰው ነው፤ ያኔ ወይ የመስመሩ ግፊት በዝቷል፣ ወይ ቫልቯ መቀመጫ ላይ አሸዋ ገብቷል። ማንሻዋን ሁለት ሦስቴ ከፍ ዝቅ ሲያደርጉት አሸዋው ብዙ ጊዜ ታጥቦ ይወጣል።

አንድ ቀን የማውቃቸው እናት ቤት ገብቼ የቫልቯ አፍ በእንጨት ተወትፎ አየሁ።

«ምነው እትየ፣ ይሄን ማን ወተፈው?»

«እኔ ነኛ! ሌሊቱን ሙሉ ጠብ ጠብ ሲል እንቅልፍ ነሳኝ። ደሞስ የውሃ ቢል አይቆጥርም?»

ሁለቱም ምክንያት እውነት አለው፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ጠብታ ሲባክን ያማል። እንጨቱን ነቅለን አፏ ላይ ቀጭን ጎማ አሰርንና ጫፉን ባልዲ ውስጥ ጣልነው። ድምፁም ቀረ፣ ውሃውም ለወለል መወልወያ ሆነ። እንጨቱ ግን እዚያው ቢቆይ ኖሮ ምን ሊሆን ይችል እንደነበር ለእሳቸውም ነግሬያቸዋለሁ፣ እዚህም እጽፈዋለሁ። ቴርሞስታት ዕቃ ነው፤ አንድ ቀን ተጣብቆ መጥፋት እምቢ ሊል ይችላል። ጎንደር ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ በተዘጋ ታንከር ውስጥ ግን ከመቶ ዲግሪ በላይ ይዘልቃል፣ ሳይፈላም ይታመቃል። ብረቱ የተሰነጠቀ ጊዜ ከታመቀው ውሃ ከፊሉ ባንድ አፍታ ወደ እንፋሎት ይለወጣል። አንድ ሊትር ውሃ እንፋሎት ሲሆን ከ1,600 ሊትር በላይ ቦታ ይፈልጋል። መታጠቢያ ክፍል ይህን አይችልም።

የቫልቯ ሐሳብ አዲስ አይደለም። በ1679 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ዴኒስ ፓፒን አጥንት በእንፋሎት የሚያለዝብ ዝግ ድስት ሠራ፤ እንዳይፈነዳበትም በክብደት የሚከደን ማስተንፈሻ አበጀለት። የዛሬዋ ሴፍቲ ቫልቭ የዚያ ልጅ ናት። ያን ጊዜ ጎንደር ላይ የነገሡት ቤተ መጻሕፍታቸው እስከ ዛሬ ፋሲል ግቢ ውስጥ የቆመላቸው ጻድቁ ዮሐንስ ነበሩ። በዚያው ግቢ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤትም አለ። ሙቅ ውሃ ለጎንደር እንግዳ ነገር አይደለም ማለቴ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ከውሃ ፈረቃ ጋር የተያያዘ ነው፤ በኔ ግምት ሬዚስታንስ የሚያቃጥለውም በዋናነት እሱ ነው። ለጎንደር ውሃ የሚሰጠው የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ መሄዱን፣ ከተማዋም መስፋቷን ሁሉም ያውቃል፤ ቧንቧ ደርቆ መክረሙ የተለመደ ነው። ውሃ ሲጠፋ ከሙቅ ውሃው ቧንቧ ምንም አይወጣምና ሰው «ቦይለሩም ደረቀ» ይላል። አልደረቀም። ሙቁ ውሃ የሚወጣው ከታንከሩ አናት ነው፤ የሚያስወጣውም ከታች የሚገባው ቀዝቃዛ ገፍቶ ነው። ገፊ ከሌለ ሃምሳው ሊትር ባለበት ይቀመጣል።

እዚያ የሚያቆየው ደግሞ ያችው ቫልቭ ውስጥ ያለው መላሽ ከልካይ ነው። ቆሻሻ ይዞት በደንብ ካልገጠመ ወይም ባለሙያው ቫልቯን ትቶ ቧንቧውን በቀጥታ ካሰረው፣ ታንከሩ ወደ መስመሩ ይገለበጣል። ኮንዶሚኒየም ላይ ከሆኑ ከታች ያለው ጎረቤት ቧንቧ በከፈተ ቁጥር የእርስዎን ይስበዋል። ይባስ ብሎ ሰው ሁሉ አንድ ልማድ አለው፤ «ውሃ መጣ እንዴ?» ብሎ የሙቁን ውሃ ቧንቧ ከፍቶ ያያል። በዚያ በኩል አየር ይገባል፣ ታንከሩም ያለ ምንም ችግር ይራገፋል። ማታ ማብሪያው ሲጫን ሬዚስታንሱ ባዶ አየር ውስጥ ይግላል፤ ብዙ ሳይቆይም ያልቅለታል። ስለዚህ ውሃ መምጣቱን ማየት የፈለገ ሰው የቀዝቃዛውን ቧንቧ ይክፈት። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስም ማብሪያውን ከመጫን በፊት የሙቁን ቧንቧ ከፍቶ አየሩ እስኪያልቅና ውሃው ሳያቋርጥ እስኪወርድ ይጠብቅ። ከፈረቃ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያ ውሃ ድፍርስ ነው፤ እሱን ግቢ ካለው ቧንቧ ማስወጣትና የቦይለሩን መዝጊያ ከዚያ በኋላ መክፈት ቫልቯንም ታንከሩንም ይጠብቃል።

ይህን የገባው ሰው አንድ ትርፍ ያገኛል። የጭንቅ ቀን ያ ሃምሳ ሊትር ውሃ የራሱ ነው። ብሬከሩን አጥፍቶ፣ ውሃው እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ፣ የሙቁን ቧንቧ ለአየር ከፍቶ የቫልቯን ማንሻ ማንሳት ነው፤ ከአፏ ባልዲ ይሞላል። ማንሻ የሌላቸው ርካሽ ቫልቮችም ይሸጣሉና ሲገዙ ይዩ። ታንከሩ እንደገና እስኪሞላ ድረስ መልሶ ማብራት ግን ክልክል ነው።

ሌላው «ሙቀቱ ደከመ» የሚለው ክስ ነው። ባለሙያ ከመጥራትዎ በፊት ሰዓቱን ይዩ። ማታ ጎረቤቱ ሁሉ ምጣድ ጥዶ እንጀራ ሲጋግር መብራቱ ይደክማል። 220 ቮልት የነበረው ወደ 180 ከወረደ የሬዚስታንሱ ጉልበት በአንድ ሦስተኛ ይቀንሳል፤ ባለ 1,500 ዋቱ ወደ 1,000 ዋት ይወርዳል ማለት ነው። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይበቃው የነበረው ሃምሳ ሊትር ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈልጋል። ይህን ቴርሞስታት በመቀየር መፍታት አይቻልም፤ ቀደም ብሎ በማብራት እንጂ። በሙሉ ቮልትም ሙቀቱ ደካማ ከሆነ ሬዚስታንሱ የኖራ ቅርፊት ለብሶ ይሆናል፤ የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀሙ ቤቶች ይህን ያውቁታል። ፈትቶ በኮምጣጤ መዘፍዘፍ፣ የማሸጊያ ጎማውን (ጎሚኒውን) መቀየር፣ የማግኒዚየሙን ዘንግ አብሮ ማየት ነው። ዘንጉ አልቆ ሽቦው ብቻ ከቀረ ቀጣዩ የሚበላው ታንከሩ ነው።

ጭራሽ ካልሞቀ ደግሞ መጀመሪያ ብሬከሩን፣ ቀጥሎ ቴርሞስታቱ ላይ ያለውን የሪሴት ቁልፍ ያስፈትሹ። ሙቀት ሲያልፍ ራሱ ይዘላል፤ ደጋግሞ ከዘለለ ግን መልሶ መጫን ሳይሆን ምክንያቱን መፈለግ ነው የሚሻለው።

ኢንስታንት የሚባለውን፣ ታንከር የሌለውን ማሞቂያ የሚወዱ አሉ። እኔ ለማራኪ ቤቶች አልመክረውም። ከጣሪያ ላይ ሮቶ የሚወርድ ውሃ ለእያንዳንዱ ሜትር ከፍታ የአንድ ባር አንድ አሥረኛ ግፊት ብቻ ነው ያለው፤ ማሞቂያው ደግሞ በቂ ግፊት ካላገኘ አይነሳም። በላዩ ላይ ቀጭን ሽቦ የማይችለው ጉልበት ይጠይቃል።

በአንድ ነገር ላይ ግን ለማንም አልለሳለስም። ግራውንድ ሽቦውን ቆርጠው በሁለት ሽቦ ብቻ የሚያስሩ አሉ፤ ቧንቧው ሲነዝራቸውም ጫማ አድርገው ይታጠባሉ። ሬዚስታንስ ተሰንጥቆ መብራት ውሃ ውስጥ ሲገባ ሰውን የሚያድነው ያ የተቆረጠው ሽቦ ነው። የሚነዝር ቦይለር በዚያው ቅጽበት ብሬከሩ ይጥፋ፤ ባለሙያ ሳያየውም አይብራ።

በወር አንድ ጊዜ፣ ቦይለሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት፣ የሴፍቲ ቫልቭዎን ማንሻ ያንሱ። ከአፏ ውሃ ከወጣና ሲመልሱት ካቆመ ደህና ናት። ካልወጣ ወይም ማንሻው ከደረቀ ዛሬውኑ ያስቀይሯት፤ ያለ እሷ ቦይለር አያብሩ።