ሞፈር ሰቅለው ሥራ ያልፈቱ የቆቦ አዛውንቶች

ከወልድያ ከተማ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ቆቦ፣ በምዕራብ የላስታ ደጋ፣ በምሥራቅ የዞብል ተራራ በሚያዩት ሰፊ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በክረምት ከደጋው እየደፈረሱ የሚወርዱት እንደ ሆርማትና ጎሊና ያሉ ወንዞች ለሜዳው አፈርም ውሃም ያመጡለታል። ገበሬው ጎርፉን ጠልፎ ማሳውን ያጠጣል፤ ማሽላና ጤፍም ያመርታል። ዝናቡ በሰዓቱ ሲመጣ ሜዳው ይጠግባል፤ ሲቀር ደግሞ ይራባል። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. በወሎ የደረሰውን ድርቅ በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ዛሬም በዚህ ሜዳ ላይ ይኖራሉ። ይህ ጽሑፍ የሚያወሳው ስለ እነዚህ አዛውንቶች ነው።

እንደሚታወቀው የመንግሥት ሠራተኛው 60 ዓመት ሲሞላው የስንብት ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ ጡረታውንም በየወሩ ይቀበላል። ይህ መብት ለመንግሥት ሠራተኛ በአዋጅ የተደነገገው በ1955 ዓ.ም. ሲሆን፣ ለግል ድርጅት ሠራተኛም በ2003 ዓ.ም. ተፈቅዷል። ለገበሬው ግን ደብዳቤም ደመወዝም የለም። አንድ ዓመት የሰኔው እርሻ ሲመጣ ጉልበቱ አልታዘዝ ይለዋል፤ በሬዎቹን ለልጁ ያስረክባል፣ ወይም መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል። ሞፈሩን ሰቀለ የሚባለው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ አዛውንቱ ምን ይሠራሉ? በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ቀኑን የሚገፉ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ይሁን እንጂ የቆቦን ገጠር ቀረብ ብሎ ያየ ሰው የእነዚህ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ሳምንት ከወጣቱ ሳምንት ያልተናነሰ ሥራ የበዛበት መሆኑን ይረዳል። ከዚህም በላይ ይህ ሩጫቸው ጡረታ ለሌለው ሰው ጡረታው መሆኑን ይገነዘባል።

ለአብነት ያህል ከከተማው ወጣ ባለ ቀበሌ የሚኖሩ ባልና ሚስትን እናስብ። ስም መጥራት አያስፈልግም፤ የእነሱን ኑሮ የሚኖሩት ብዙዎች ናቸውና። አንዷ ልጃቸው ቆቦ ከተማ ትዳር ይዛለች፤ አንደኛው ከአካባቢው እንደወጡት ብዙ ወጣቶች ሳውዲ ዐረቢያ ተሻግሯል። የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ጎን ለጎን የሰፈረበት የይዞታ ደብተር በሣጥን ተቆልፎበታል፤ መሬቱን ግን የሚያርሰው ለእኩል የያዘው ጎረቤት ነው።

ሰንበቴው

ሳምንቱ የሚጀምረው እሁድ ነው። ቅዳሴ ሲያልቅ የሰንበቴው አባላት በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ይሰበሰባሉ። ተራው የደረሰው ቤተሰብ ዳቤውንና ጠላውን ይዞ ይመጣል። ተራው የእነዚህ ባልና ሚስት ሲሆን የድግሱ ሥራ የሚጀመረው ከሳምንት በፊት ነው። ጌሾ ይወቀጣል፣ ብቅል ይፈጫል፣ እንጨት ይሰበሰባል። እናት ብቻቸውን አይችሉትም፤ የጎረቤት ምራቶችና ልጃገረዶች ይመጣሉ። ሥራው ለልጃገረዶቹ ትምህርት ቤት ነው፤ ለእናትም ቤታቸው በሰው የሚሞላበት ቀን ነው።

በሰንበቴ ላይ የሚነገረው ወሬ ለግብርና ሠራተኛ ጆሮ ትልቅ ቁም ነገር ነው። በላይኛው አገር ዝናብ መጣሉ፣ የማን በሬ መታመሙ፣ የማን ማሽላ በአገዳ ቆርቁር መመታቱ እዚያ ይሰማል። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ወር የአንበጣ መንጋ በራያ ቆቦ ሰብል ላይ ሲወርድ፣ ሕዝቡ በጩኸትና በጅራፍ ሊያባርር የወጣው እንዲህ ባለው የሰው ሰንሰለት ተጠራርቶ ነበር። ተቀምጦ የሚያወራ ሽማግሌ ሥራ ፈትቷል ማለት ስሕተት የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ገበያና የዋጋ ወሬ

የገበያ ቀን ሲደርስ ሁለቱም በጠዋት ይነሣሉ። እናት የሳምንቱን እንቁላል በጭድ ውስጥ ደርድረው፣ የፈተሉትን ድርና ማግ በነጠላ ቋጥረው ይወጣሉ። ከድካም የተነሣ እንደ ድሮው በእግር መሄድ ካቃታቸው ባጃጅ ይሳፈራሉ። አባት ብዙውን ጊዜ የሚሸጡት ነገር የላቸውም፤ ሆኖም አይቀሩም። የእህል ተራውን ይዞራሉ፣ የከብት ተራውን ይጎበኛሉ፣ የጤፍና የማሽላን ዋጋ ይጠይቃሉ።

ይህ ለጊዜ ማሳለፊያ ብቻ የሚደረግ አይደለም። የእኩሌታ ድርሻቸውን በመኸር ወራት በርካሽ ሸጠው ክረምት ሲገባ በውድ የሚሸምቱ አዛውንቶች ጥቂት አይደሉም። ዋጋውን በየሳምንቱ የሚከታተለው ግን መቼ መሸጥ፣ መቼ ማቆየት እንደሚሻል ያውቃል። ለማቆየት ደግሞ እህሉን ከነቀዝ መጠበቅ ያስፈልጋል። በዚህ በኩል አየር የማያስገባው ከረጢት ከጉድጓድ ይልቅ ለአንድ አሮጊት እጅ የሚመች ስለሆነ፣ የግብርና ሠራተኞች አዘውትረው ሊያሳዩት የሚገባ ነው።

ከገበያ በኋላ ወደ ቤት የሚመለሱት በቀጥታ አይደለም። በልጃቸው ቤት ቡና ይጠብቃቸዋል። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው እስኪያልቅ የልጅ ልጆች በጉልበታቸው ላይ ይቀመጣሉ። ከሳውዲም ስልክ ይደወላል። የወንድ ልጃቸውን ድምፅ የሚሰሙት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ቤት፣ በልጃቸው ስልክ ነው።

ሽምግልናና የውሃ ተራ

በወሩ ውስጥ እንደ ሚካኤል፣ ማርያምና መድኃኔዓለም ባሉት በዓላት በሬ አይጠመድም። ለወጣቱ የዕረፍት ቀን የሆነው ለሽማግሌው የሥራ ቀን ነው፤ የሽምግልናው ጉዳይ የሚታየው በዚያን ቀን ነውና። የድንበር ክርክር፣ የባልና ሚስት ኩርፊያ፣ በሰው እርሻ የገባ ከብት ጉዳይ ሁሉ ለሽማግሌ ይቀርባል። ነገሩ ከፍ ብሎ ደም የፈሰሰበት ሲሆን ደግሞ በራያ ዘወልድ በሚባለው የአገር ሽምግልና ይታያል። ዘወልድ የገዳይና የሟች ወገን ወደ በቀል እንዳይሄድ ለማስታረቅ የቆመ ሥርዓት ነው።

ከዚህ ሌላ የጎርፍ ውሃ ጉዳይ አለ። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ቦዩ ይጠረጋል፤ ጎርፉን ወደ ማሳ የሚመልሰው ግድብ በእንጨትና በአፈር ይታደሳል። ውሃው ሌሊት በድንገት ሲመጣ ቀድሞ የሚያጠጣው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ካልታወቀ ጠብ ይነሣል። አካፋ ማንሣት ያቃታቸው አባት ለዚህ ስብሰባ ይፈለጋሉ፤ የየትኛው ማሳ መብት ከማን ጀምሮ እንደመጣ የሚያስታውሱት እሳቸው ናቸውና። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም አማካይነት የከርሰ ምድር ውሃ ተቆፍሮ የመስኖ እርሻ ሲስፋፋም የውሃ ተራ ጉዳይ አልቀረም። ውሃው ከጎርፍ ቢመጣም ከጉድጓድ ቢወጣም ዳኛ ይፈልጋል።

የእጅ ሥራና የዘር ምርጫ

ከስብሰባና ከገበያ የተረፈው ቀን የእጅ ሥራ ቀን ነው። እናት እንዝርታቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፤ ወይም ሰፌድና ሞሰብ ይሰፋሉ። አባት ቀንበር ይጠርባሉ፣ ገመድ ይገምዳሉ፣ የንብ ቀፏቸውን ያያሉ። ሁለቱም በጓሮ ያለውን ሽንኩርት ያርማሉ። ይህ ሥራ ጉልበት አይጨርስም፤ ገንዘቡም ለቡና፣ ለጨውና ለማኅበር መዋጮ ይሆናል።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን የዘር ምርጫው ነው። ማሽላው ሲደርስ፣ አጨዳው ሳይጀመር፣ አዛውንቶቹ ማሳው ውስጥ ገብተው ጥሩ ራስ ያወጣውን እየለዩ ለዘር ይቆርጣሉ። ቤት ወስደውም ከምድጃው በላይ ጭስ በሚያገኘው ቦታ ይሰቅሉታል። እንደ ደጋሊትና ጅጉርቲ ያሉት ረጅም ጊዜ የሚፈልጉ የአገር ማሽሎች የበልጉን ዝናብ ተጠብቀው ሚያዝያ ላይ ይዘራሉ። በልጉ ከቀረ በሐምሌ ቶሎ የሚደርስ ዘር ወይም ጤፍ መያዝ ግድ ይሆናል። የትኛው ዘር በየትኛው ዓመት እንዳዋጣ የሚመሰክሩት እነዚህ ሰዎች ናቸው።

ዕውቀታቸው ለሳይንስም ጠቅሟል። በ1977ቱ ረሃብ ብዙ ቤተሰብ ዘሩን ከበላ በኋላ፣ በዶክተር መላኩ ወረደ የሚመራው የአገሪቱ የዕፅዋት ዘር ሀብት ማዕከል በወሎና በሸዋ የአገር ዘርን ከገበሬው ጋር፣ በገበሬው ማሳ ላይ የመጠበቅ ሥራ ጀምሮ ነበር። ዶክተር መላኩ በ1989 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙት በዚህ ሙያቸው ነው። በሌላ በኩል የምርምር ማዕከላት አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዘሮችን፣ ከእነዚህም መካከል በራያው ጎብዬ ስም የተሰየመውን ማሽላ አውጥተዋል። አዲሱን ዘር ለማስፋፋት የሚሻ የልማት ሠራተኛ የአሮጌውን ዘር ጠባቂ አስቀድሞ ቢያማክር ይጠቀማል። እሷ የተቀበለችውን ዘር ጎረቤት አይጠራጠረውምና።

ከልጅ ልጆች ጋር

የእነዚህ ሰዎች ሽርሽር ሩቅ አይደለም። በጥቅምት እሸት ሲደርስ የልጅ ልጆች ከከተማ ይመጣሉ። ልጆቹ ማማው ላይ ወጥተው በወንጭፍ ወፍ ይጠብቃሉ፤ አያቶች ከሥር እሳት አንድደው የማሽላ እሸት ይጠብሳሉ። ያን ቀን ማሽላ ከአገዳው ጀምሮ ምን እንደሚሆን የከተማው ልጅ ይማራል። በነሐሴ አጋማሽ ጾመ ፍልሰታ ሲፈታ የሶለል ጨዋታ ይመጣል። አያት የልጅ ልጃቸውን ፀጉር ይሠራሉ፣ ቀሚሷን ያዘጋጃሉ፤ ልጃገረዶቹ እየጨፈሩ ወደ ደጃፍ ሲመጡም ወጥተው ይቀበላሉ። አቅም ያላቸው በመስከረም 21 ቀን ለግሸን ማርያም ክብረ በዓል ወደ አምባሰል ይጓዛሉ።

ቅሬው ምን ይሠራል?

የዚህ ሁሉ ማሰሪያው ቅሬ ነው። ቅሬ በወሎ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚጠቀምበት የመረዳጃ ማኅበር ሲሆን፣ ሰው ሲሞት ይቀብራል፣ ሐዘንተኛውን ያስተዛዝናል። ለቅሶ አለ ሲባል ሁለቱ አዛውንቶች የያዙትን ሥራ ጥለው ይሄዳሉ። ከቅሬ የቀረ ሰው በራሱ ቀን ብቻውን እንደሚቀር ያውቃሉ። ልጁ ባሕር ማዶ ለሆነበት ወላጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የሳምንቱ ዋጋ የታወቀው ሳምንቱ በፈረሰ ጊዜ ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ቆቦ ሲደርስ፣ በ2014 ዓ.ም. ነሐሴም ዳግመኛ ሲመለስ፣ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ፣ ገበያ ተበተነ። ገበያ ሲጠፋ እንቁላሉ አይሸጥም፤ ሰንበቴ ሲቀር የጎረቤት ችግር አይታወቅም፤ ሰው ሲበተን እኩል አራሹም ይጠፋል። ለወጣት ሰው ይህ ጊዜያዊ ችግር ሊሆን ይችላል። ለአዛውንት ግን በአንድ ጊዜ ገቢውን፣ ጠያቂውንና ቀባሪውን ማጣት ነው።

ምን ይደረግ?

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው የምግብ ዋስትና ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሠርተው መብላት ለማይችሉና ጧሪ ለሌላቸው አዛውንቶች የቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል። ይህ በጎ ሥራ ነው። ሆኖም ከሁሉ ድሃ የሆኑትን ለመርዳት የታሰበ ስለሆነ፣ መሬት ኖሯቸው ጉልበት ያጡትን ሁሉ አይደርስም። ስለዚህ እነዚህ ሰዎች የቆሙባቸው ምሰሶዎች እንዳይወድቁ መጠንቀቅ ያሻል።

አንደኛ፣ መሬታቸውን ለእኩል የሚሰጡ አዛውንቶች ስምምነታቸውን በጽሑፍ አድርገው በቀበሌው የመሬት አስተዳደር ቢያስመዘግቡ መልካም ነው። በውሉም የእህሉ ብቻ ሳይሆን የጭዱና የአገዳው ድርሻ ተለይቶ ሊገለጽ፣ የባልም የሚስትም ፈቃድ ሊኖርበት ይገባል። ከባልና ሚስት አንዱ ሲሞት የቀረው በክርክር እንዳይጉላላ ይረዳልና።

ሁለተኛ፣ የግብርና ሠራተኛው ትምህርቱን በማሠልጠኛ ጣቢያ ብቻ ባይወስነው ይመረጣል። ፈቃድ ጠይቆ ከሰንበቴውና ከቅሬው ስብሰባ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቢናገር ብዙ ቤት ይደርሳል። ለአዛውንቶች የሚስማማው ሥራም ዶሮ፣ ንብ፣ የጓሮ አትክልትና የዘር ምርጫ መሆኑን ማስታወስ ይኖርበታል።

ሦስተኛ፣ ከአገር የወጡም በከተማ የሚኖሩም ልጆች ገንዘብ በላኩ ጊዜ ሁሉ የወላጆቻቸው የቅሬና የማኅበር መዋጮ መከፈሉን፣ የጤና መድኅን ደብተራቸውም መታደሱን መጠየቅ ይገባቸዋል። አንድ ኩንታል ጤፍ ለጥቂት ወራት ይበቃል። ያልተቋረጠ የቅሬ መዋጮ ግን እናትና አባት በታመሙ ጊዜ ደጃፋቸው በሰው እንዲሞላ ያደርጋል።