ከእሳት የተረፈ ውበት

በጃፓን አገር በቢዘን ከተማ የተሠራ የሻይ ጣባ ለመጀመሪያ ጊዜ ብታዩ «ይህ ምድጃ ላይ ተረስቶ ያረረ ዕቃ አይደለምን?» ማለታችሁ አይቀርም። መልኩ ቡናማ ነው፤ አንድ ጎኑ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ አፉም ትንሽ ዘመም ይላል። ታዲያ ጃፓናውያን ስለ ምን በሁለት እጃቸው ይዘው እያገላበጡ ያደንቁታል?

ምስጢሩ ያለው ከእሳቱ ዘንድ ነው። የቢዘን ሸክላ ሠሪዎች ዕቃቸውን ቀለም አይቀቡትም። ከሩዝ ማሳ ሥር ቆፍረው የሚያወጡት አፈር ብረት የበዛበት ነው፤ ሲተኮስም በጣም ይኮማተራል። በችኮላ ቢያነዱበት ስለሚሰነጠቅ፣ በቀይ ጥድ እንጨት ቀስ እያሉ፣ ቀንና ሌሊት እየተፈራረቁ፣ አሥር ቀንና ከዚያም በላይ ያነዱለታል። ሙቀቱ 1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ነበልባሉ ያመጣው የእንጨት አመድ በጣባው ላይ ቀልጦ እንደ ብርጭቆ ይለብሰዋል። ጠብ ጠብ ያለውን ነጠብጣብ «ጎማ» ይሉታል፤ ሰሊጥ ማለት ነው። (ስሙ እንዴት ያምራል!) ፍም ውስጥ ተቀብሮ የከረመው ደግሞ ወደ ግራጫና ሰማያዊ ያደላል። ዕቃዎቹ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ የሩዝ ገለባ ይደረግባቸዋል፤ ገለባው ነዶ ሲያልቅ የነካው ቦታ ላይ ቀይ መስመር ይቀራል። እንግዲህ ጣባው በእቶኑ ውስጥ የት እንደ ነበረ፣ እሳቱም በየት በኩል እንደ መጣበት ከገላው ላይ ይነበባል ማለት ነው።

ሠሪው ራሱ ይህን የሚያየው እቶኑ ቀዝቅዞ ሲከፈት ነው። የወራት ድካሙን ተሰንጥቆ ሊያገኘውም ይችላል።

ቀደም ባለው ዘመን በጃፓን የሻይ ሥርዓት የሚከበሩት ከቻይና የመጡ የሚያብረቀርቁ ዕቃዎች ነበሩ። እንዲህ ያለውን ያልተኳለ የአገር ሸክላ ካስከበሩት አንዱ እ.ኤ.አ. ከ1522 እስከ 1591 የኖረው የሻይ መምህር ሴን ኖ ሪክዩ ነው።

በእኛ አስተያየት በመስታወት ሣጥን የተቆለፈ ጣባ ግማሽ ውበቱ ቀርቷል። ሙቀቱ ለመዳፍ፣ አፉ ለከንፈር የተሠራ ነውና። እንግዳው ከመጠጣቱ በፊት ጣባውን በመዳፉ ላይ ያዞረዋል፤ ባለቤቱ ወደ እርሱ ያዞረለትን ያማረውን ፊት በከንፈሩ ላለመንካት ነው። ሻዩን ከጨረሰ በኋላ ገልብጦ እግሩን ያያል፤ የሠሪው ቢላዋ ያለፈበት እዚያ ይታያልና። ይህንንም ሲያደርግ ጎንበስ ብሎ ወደ ምንጣፉ ያስጠጋዋል፤ ድንገት ከእጁ ቢያመልጥ እንዳይሰበር።